የተጠናቀቀ ልብ ወለድ ወይስ የተመለሰ ድራማ፦ የትኛውን ማስቀደም ይሻላል?

በቅርቡ አንብቤ የጨረስኩት ልብ ወለድ የሂላሪ ማንቴል «ዘ ሚረር ኤንድ ዘ ላይት» ነው። መጽሐፉ በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ ስምንተኛው ዘመን ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ተነሥቶ ከንጉሡ ቀጥሎ ባለሥልጣን እስከ መሆን የደረሰውን የቶማስ ክሮምዌልን ሕይወት የሚተርከው ሦስትዮሽ ድርሰት የመጨረሻው ቅጽ ሲሆን፣ የታተመው በ2020 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በዚሁ ድርሰት ላይ የተመሠረተው የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ «ዎልፍ ሆል» የመጀመሪያ ምዕራፉን በ2015 መጀመሪያ ካሳየ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ጠፍቶ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ ተመልሷል። መጽሐፉን ዘግቼ ድራማውን ስከፍት የተነሡብኝ ጥያቄዎች በዚህ ድርሰት ብቻ የሚወሰኑ ስላልሆኑ፣ ተመሳሳይ ምርጫ ለገጠመው አንባቢና ተመልካች ይጠቅማሉ ብዬ በጽሑፍ አቅርቤያቸዋለሁ።

አንድ ሰው የሚወደው ድራማ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመለስ፣ መነሻ መጽሐፉም በእጁ ሲኖር፣ አራት መንገዶች ይከፈቱለታል። መጽሐፉን ማንበብ፣ ድራማውን ካቆመበት መቀጠል፣ ድራማውን ከመጀመሪያው አንሥቶ እንደገና ማየት፣ ወይም ሁለቱን ተራ በተራ መያዝ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ «መጽሐፉ ይበልጣል ወይስ ድራማው?» በሚለው ላይ ያተኩራል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ለመምረጥ ብዙም አይረዳም ባይ ነኝ፤ ጥሩ መጽሐፍና ጥሩ ድራማ የሚሠሩት ሥራ ስለሚለያይ አንዱን በሌላው መለካት ወደ ውሳኔ አያደርስም። ምርጫውን በእውነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ታሪኩ ፍጻሜውን አግኝቷል ወይ? ያለፈውንስ ምን ያህል አስታውሳለሁ? የሚቀረው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚከተል ነው።

መጽሐፉ የሚሰጠው

የማንቴል ሦስት ቅጾች በ2009፣ በ2012 እና በ2020 የታተሙ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው የቡከር ሽልማትን አግኝተዋል። ሦስተኛው ቅጽ የሚጀምረው ንግሥት አን ቦሊን በግንቦት 1536 አንገቷን በተቀላችበት ቅጽበት ነው፤ የሚያበቃውም ክሮምዌል ራሱ በሐምሌ 1540 በተመሳሳይ ሞት ሲቀጣ ነው። ይህን ፍጻሜ ለማወቅ የታሪክ መጽሐፍ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ስለዚህ አንባቢውን ከገጽ ወደ ገጽ የሚጎትተው «ምን ይሆን ይሆን?» የሚል ጉጉት ሊሆን አይችልም። የሚጎትተው ሌላ ነገር ነው። ደራሲዋ ታሪኩን በአሁን ጊዜ ግሥ ትተርካለች፤ ተራኪውም «እሱ» እያለ ከክሮምዌል ትከሻ ሳይርቅ፣ እሱ የሚያየውን ብቻ እያየ፣ የሚያስታውሰውን እያስታወሰ ይሄዳል። ውጤቱም አንባቢው የክሮምዌልን መጨረሻ እያወቀ፣ ያንኑ መጨረሻ ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዲያስብ መገደዱ ነው። ሰውዬው ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ባላንጣውን ሲያመሰግን፣ ንጉሡን በቀልድ ሲያስታግስ፣ አንባቢው እያንዳንዱ ድርጊት በኋላ በክስ ወረቀት ላይ እንዴት ሊጻፍ እንደሚችል ይታየዋል። እኔ በግሌ ይህን ዓይነት ጭንቀት ከሌላ የታሪክ ልብ ወለድ አላገኘሁም።

ሦስተኛውን ቅጽ ከቀደሙት የሚለየው ትዝታ የሚይዘው ቦታ ነው። ክሮምዌል ሥልጣኑ ጫፍ ላይ በደረሰ ጊዜ ሐሳቡ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል፤ በፐትኒ ሲደበድበው ወደነበረው አባቱ፣ በወጣትነቱ ወደተንከራተተባቸው የባሕር ማዶ ከተሞች፣ ወዳሳደገው ጌታው ወደ ካርዲናል ዎልሲ፣ እሱ ራሱ ለሞት ወዳበቃቸው ሰዎች። አንድ ጊዜ የተነገረ ትዕይንት በሌላ ብርሃን ይመለሳል፤ በመጀመሪያው ቅጽ በአንድ አቅጣጫ የተረዳነው ጉዳይ ሌላ ገጽታ እንደነበረው ዘግይተን እንገነዘባለን። ይህ አካሄድ ለምርጫችን ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ ረጅም ልብ ወለድ የራሱን ትዝታ ይዞ ስለሚጓዝ፣ የቀደመውን ቅጽ ከዓመታት በፊት ያነበበ ሰው እንኳ እንደገና ወደ ታሪኩ ለመግባት ብዙ አይቸገርም። በየቅጹ መግቢያ ላይ የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝርና የነገሥታቱ የዘር ሐረግ መኖሩም ይረዳል።

መጽሐፉ አንባቢን የሚፈትንበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የሰዉ ብዛት ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ቶማስ የማይባል ሰው ያለ አይመስልም። ክሮምዌል ቶማስ ነው፤ ዎልሲም፣ ሞርም፣ ሊቀ ጳጳሱ ክራንመርም፣ ባለቅኔው ዋያትም፣ የኖርፎኩ መስፍን ሃዋርድም ቶማስ ናቸው። በዚያ ላይ አንድ ሰው አንዴ በስሙ፣ አንዴ በማዕረጉ፣ አንዴ ባገኘው አዲስ ርስት ይጠራል። ትዕግሥት ያለው አንባቢ መቶ ገጽ ያህል ከሄደ በኋላ ሰዎቹን በአነጋገራቸው መለየት ይጀምራል፤ ያልታገሠ ግን ከዚያ በፊት መጽሐፉን ያስቀምጠዋል።

ድራማው የሚሰጠው

ድራማው ይህንን ችግር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያስወግደዋል። ፊት ከስም ይልቅ በቀላሉ ይታወሳል፤ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ በአለባበሱ፣ በአካሄዱና ሌሎች ሰዎች ለእሱ በሚሰጡት ቦታ ይለያል። ክሮምዌልን የሚጫወተው ማርክ ራይላንስ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ሆኖ ነው የቀረበው። በመጽሐፉ ውስጥ በገጾች ሙሉ የሚነገረው ሐሳብ በድራማው ወደ ዝምታ ተለውጧል፤ ዳይሬክተሩ ፒተር ኮዝሚንስኪም ካሜራውን ከዚያ ፊት ላይ ለማንሣት አይቸኩልም። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሌሊት ትዕይንቶቹ በሻማ ብርሃን መቀረጻቸውም ለውበት ብቻ የተደረገ አይመስለኝም። በቤተ መንግሥቱ ማዕዘኖች ውስጥ ማን ቆሞ እንደሚሰማ በማይታይበት ሁኔታ ሰዎች ለምን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደሚያወሩ ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። መጽሐፉ ይህን በቃላት ይናገራል፤ ድራማው ግን ያሳያል፤ በዚህ ረገድ ድራማው ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

ጊዜንም እናሰላ። ሦስቱ ቅጾች በአንድ ላይ፣ እንደ ኅትመቱ ቢለያይም፣ ወደ 1800 ገጽ ይጠጋሉ። አንድን ገጽ በሁለት ደቂቃ የሚያነብ ሰው ስልሳ ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ድራማው ሁለት ምዕራፍ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስዱ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ድምሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት መጻሕፍትን በስድስት ሰዓት ሲያጠቃልል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ቅጽ ብቻ ይዞ ያንኑ ያህል ጊዜ ወስዷል። ስለዚህ ከአምስት ሰዓት ንባብ አንዱ ብቻ ወደ ምስል ይደርሳል ማለት ነው። የድራማው ጸሐፊ ፒተር ስትሮን ሥራ መጨመር ሊሆን አይችልም፤ የሚቀረውን መምረጥ ነው። የተተወው ምን እንደሆነ ለማየት ግን መጽሐፉን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በዋናነት የተተወው የክሮምዌል ቤት ነው፤ የወጥ ቤቱ፣ የልጆቹና የጸሐፊዎቹ ሕይወት፣ ሰውዬው በፖለቲካ ውስጥ ካልሆነ ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ የሚናገረው ክፍል ነው። ይህን ያላነበበ ተመልካች በመጨረሻ የሚያዝነው ለአንድ ብልህ ባለሥልጣን ነው፤ ያነበበው ግን ለአንድ ቤተሰብ አባት ያዝናል።

የመመለሱ ጉዳይ ደግሞ የራሱ ውጤት አለው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በአን ቦሊን ሞት ያበቃል፤ ሁለተኛው ከዚያው ሞት ይጀምራል። በታሪኩ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳያልፍ የተዋናዮቹ ፊት ላይ ግን ከዘጠኝ ዓመት በላይ አልፏል። የኖርፎክ መስፍን ሆኖ የተጫወተው በርናርድ ሂል በ2024 ያረፈ ሲሆን፣ በሁለተኛው ምዕራፍ ሚናውን የያዘው ቲሞቲ ስፖል ነው። ሌሎች ሚናዎችም እንዲሁ ተለውጠዋል። ሁለቱን ምዕራፎች ሳያቋርጥ የሚያይ ሰው ይህ ለውጥ ጎልቶ ይታየዋል፤ ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ተመልካች ግን እሱም አርጅቷልና እንግዳ አይሆንበትም። በእኔ አስተያየት የራይላንስ እርጅና ለታሪኩ የተገባ ሆኗል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ የደከመ ሰው ታሪክ ስለሆነ ድካሙ በፊቱ ላይ ያለ ሜካፕ ይነበባል። በመጽሐፉ ውስጥ በትዝታ የሚመጣው ዎልሲም በጆናታን ፕራይስ አማካይነት በአካል ቀርቦ ከክሮምዌል ጋር ይነጋገራል፤ ልብ ወለዱ በሐሳብ የሚሠራውን ድራማው በውይይት ለመተካት ያደረገው ጥረት ነው፤ ተሳክቶለታልም።

የተመለሰ ድራማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

እስካሁን የተናገርኩት የተጠናቀቀ መጽሐፍን ተከትሎ የሚሄድ ድራማን ይመለከታል። በዚህ ወገን የኤሌና ፌራንቴ አራት ቅጾችም ሊጠቀሱ ይችላሉ፤ በጣሊያንኛ ከ2011 እስከ 2014 ድረስ በየዓመቱ አንድ እየታተሙ ወጥተው፣ «ማይ ብሪሊያንት ፍሬንድ» የተባለው ድራማ ከ2018 እስከ 2024 ድረስ ለእያንዳንዱ ቅጽ አንድ ምዕራፍ መድቦ ጨርሷቸዋል። እንዲህ ያለ ድራማ በምዕራፎቹ መካከል ሁለት ዓመት ቢጠፋም ተመልካቹን አያሳስብም፤ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ተጽፏል፤ መጠበቅ ያልቻለ ሰውም ወደ መጽሐፉ መሄድ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ የምመክረው አንድ ቅጽ አንብቦ አንድ ምዕራፍ ማየት፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ቅጽ ማለፍ ነው። መጽሐፉ ትኩስ እያለ ድራማውን ማየት ከሁሉ የተሻለ ንባብ ይሆናል፤ ዳይሬክተሩ ምን እንደመረጠና ምን እንደተወ ለማየት የሚያስችል ሌላ ጊዜ የለምና።

ሁለተኛው ወገን መጽሐፉን ቀድሞት ያለፈ ድራማ ነው፤ ምርጫው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። የማርጋሬት አትዉድ «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» በ1985 የታተመ አንድ መጽሐፍ ነው። በ2017 የጀመረው ድራማ የመጽሐፉን ታሪክ በመጀመሪያው ምዕራፍ ጨርሶ፣ ከዚያ በኋላ በራሱ መንገድ እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ፣ እስከ 2025 ድረስ ተጉዟል። መጽሐፉ የሚያበቃው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የገባችበት ተሽከርካሪ ወደ ነጻነት ይሁን ወደ እስር እንደሚወስዳት ሳይታወቅ ነው፤ የመጽሐፉ ጉልበትም ከዚህ አለማወቅ ጋር የተያያዘ ነው። ድራማው መቀጠል ስለነበረበት ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት ግድ ሆነበት። ደራሲዋ ራሷ በ2019 «ዘ ቴስታመንትስ» የተባለውን ቀጣይ ልብ ወለድ ስታወጣ ታሪኩን ከመጀመሪያው መጨረሻ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አርቃ ነው ያስቀመጠችው። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ጉዳይም የታወቀ ነው። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን አምስተኛው ቅጽ የወጣው ድራማው በጀመረበት በ2011 ሲሆን፣ ድራማው በ2019 ስምንተኛ ምዕራፉን ሲጨርስ ስድስተኛው ቅጽ ገና አልታተመም ነበር። የድራማው ጸሐፊዎች የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች የሠሩት የተጻፈ መጽሐፍ ሳይኖራቸው ነው፤ ብዙ ተመልካቾች በፍጻሜው ላይ ያሰሙት ቅሬታም ከዚህ ክፍተት የተነሣ ይመስለኛል። ገጸ ባሕርያቱ በቀደሙት ምዕራፎች ወደ አንድ ውሳኔ የሚደርሱት ቀስ በቀስ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ግን ውሳኔው ይቀድምና ምክንያቱ ይከተላል።

በዚህ ወገን ያለ ድራማ ሲመለስ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው አዲሱን ምዕራፍ ከመክፈቱ በፊት መጽሐፉን ቢያነብ ይሻለዋል እላለሁ። ምክንያቴ ግልጽ ነው፤ ድራማው ከመጽሐፉ በራቀ ቁጥር የመጽሐፉ ፍጻሜ በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ በድራማው ፍጻሜ እየተሸፈነ ስለሚሄድ፣ ዘግይቶ የሚያነብ ሰው ደራሲው የጻፈውን ለማግኘት ያያቸውን ምስሎች ሁሉ ከሐሳቡ ማውጣት ይኖርበታል። አስቀድሞ ያነበበ ሰው ግን የድራማውን ቀጣይ ምዕራፎች እንደ ሌላ ሥራ፣ በሌሎች ሰዎች እንደተጻፈ ታሪክ አድርጎ ሊቀበላቸው ይችላል፤ እንዲህ ሲታዩም ብዙዎቹ ጥሩ ናቸው።

ሦስተኛው ወገን ከመጽሐፍ ያልተወለደ፣ ለቴሌቪዥን ብቻ የተጻፈ ድራማ ነው። ዴቪድ ሊንች እና ማርክ ፍሮስት የፈጠሩት «ትዊን ፒክስ» በ1991 ዋናውን ገጸ ባሕርይ በከባድ አደጋ ውስጥ ጥሎት ተቋርጦ፣ በ2017 በአሥራ ስምንት ክፍሎች ተመልሷል። እዚህ ላይ መጠጊያ የሚሆን መጽሐፍ የለም፤ የቀደሙትን ምዕራፎች ማየት ግዴታ ነው። አራተኛው ወገን ደግሞ በስም ብቻ የሚመለስ ነው። በ2014 የጀመረው «ትሩ ዲቴክቲቭ» በየምዕራፉ አዲስ ታሪክ፣ አዲስ ተዋናይና አዲስ ቦታ ይዞ ስለሚመጣ ከየትኛውም ምዕራፍ መጀመር ይቻላል። ጊዜው ለጠበበበት ሰው ከተመላሾቹ ሁሉ ይህኛው ይቀላል።

ፍጻሜ የሌለው ታሪክ ላይ ጊዜ ማፍሰስ

የመጽሐፍ አንባቢዎች ብዙ ጊዜ በድራማ ተመልካቾች ላይ የሚያነሡት ትችት አለ፤ መጨረሻው ለማይታወቅ ነገር ጊዜያችሁን ትሰጣላችሁ ይሏቸዋል። ትችቱ እውነትነት ቢኖረውም፣ ልብ ወለድ ራሱ በዚያው መንገድ ያለፈ መሆኑን ይዘነጋል። ቻርልስ ዲከንስ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ከ1836 ጀምሮ በየወሩ በክፍል እያወጣ ሲጽፍ አንባቢዎቹ ቀጣዩን ክፍል የሚጠብቁት እንደ ዛሬው ተመልካች ነበር። የቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ከ1875 እስከ 1877 በአንድ የሩሲያ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጥቶ፣ የመጨረሻውን ክፍል የመጽሔቱ አዘጋጅ አላትምም በማለቱ ደራሲው ለብቻው አሳትሞታል፤ የመጽሔቱ አንባቢዎች ፍጻሜውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው። አርተር ኮናን ዶይል በ1893 የገደለው ሼርሎክ ሆምስም ከአሥር ዓመት በኋላ በ1903 አልሞተም ተብሎ ተመልሷል፤ ይህም ዛሬ በድራማ ላይ ስናየው የምንበሳጭበት ብልሃት ነው። እኛ እነዚህን መጻሕፍት ተጠርዘው ካለቁ በኋላ ስለምናነባቸው መጠበቁ አይታየንም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር እንዲህ ነው፤ መጠበቅ የማይወድ ሰው ፍጻሜውን ያላገኘ ድራማ ባይጀምር ይሻለዋል። ከ2013 ወዲህ፣ ኔትፍሊክስ «ሃውስ ኦፍ ካርድስ» የተባለውን ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ አሥራ ሦስት ክፍሎች በአንድ ቀን ከለቀቀ በኋላ፣ አንድን ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ግን በክፍሎች መካከል የነበረውን ሳምንታዊ ጥበቃ በምዕራፎች መካከል ወዳለ የዓመታት ጥበቃ ነው የለወጠው። በሁለት ሌሊት ያለቀ ምዕራፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ያህል ይታወሳል? በየሳምንቱ አንድ ክፍል ያየ ሰው ስድስት ክፍሎችን ለስድስት ሳምንት በሐሳቡ ሲያመላልሳቸው ስለሚቆይ የበለጠ ያስታውሳል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ድራማው በአንድ ጊዜ ቢለቀቅም፣ ተመልካቹ በሳምንት ከሁለት ክፍል በላይ ባያይ ለተመላሹ ምዕራፍ ስንቅ ይዞ ይቆያል።

በመጽሐፍና በድራማ መካከል ሌላ መንገድ እንዳለ የአማርኛ አንባቢ ያውቃል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ አድማጩ የደራሲውን ቃል እያገኘ፣ እንደ ተከታታይ ድራማ ደግሞ ቀጣዩን ክፍል ይጠብቅ ነበር። ዛሬም ዓይኑ የሚደክምበት ወይም ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍን ቢመርጥ ከንባብ ያነሰ ነገር አያገኝም፤ ስሞቹ ለተበዙበት አንባቢም ጎበዝ ተራኪ ገጸ ባሕርያቱን በድምፅ ስለሚለይለት ይጠቅመዋል።

ያለፈውን ለማስታወስ

የተመለሰ ድራማ ከመጀመሩ በፊት የሚቀርበው የሁለት ደቂቃ ማስታወሻ ምን እንደተፈጸመ ይነግራል፤ ማን በማን ላይ ቂም እንደያዘ፣ ማን ለማን ባለውለታ እንደሆነ ግን አይነግርም። በድራማ ውስጥ ደግሞ ክብደት ያለው ይህ ነው። ለመወሰን የሚያስችል ቀላል መለኪያ አለኝ፤ የሦስት ዋና ገጸ ባሕርያትን ፍላጎት፣ ያደረጉትን ሳይሆን የሚፈልጉትን፣ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችል ሰው በቀጥታ ወደ አዲሱ ምዕራፍ መግባት ይችላል። ስማቸው ብቻ ትዝ የሚለው ሰው የቀደመውን ምዕራፍ የመጨረሻ ሁለት ክፍሎች ይመልከት። ስማቸውም የጠፋበት ሰው፣ ድራማው እንደ «ዎልፍ ሆል» ባለ ስድስት ክፍል ከሆነ ከመጀመሪያው ይጀምር፤ ስልሳና ሰባ ክፍል ያለው ከሆነ ግን መልሶ ከማየት ይልቅ ያንኑ ጊዜ ለአዲስ ልብ ወለድ ቢሰጠው ይሻላል።

በማያውቀው ቋንቋ የተሠራ ድራማ የሚያይ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በስክሪኑ ግርጌ የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አጫጭር መስመር አይበልጥም፤ ተመልካቹ ምስሉ ሳያልፍ አንብቦ እንዲጨርስ ንግግሩ ተቆርጦና ተጠቅልሎ ይቀርባል። ጉልበቱ በንግግር ላይ የሆነ ድራማ በዚህ ብዙ ይጎዳል። የመጽሐፍ ተርጓሚ ግን እንዲህ ያለ የቦታና የሰዓት ገደብ ስለሌለበት ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ማስተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው በተተረጎመ መጽሐፍና በተተረጎመ ድራማ መካከል ከሆነ፣ ደህና ትርጉም እስካለ ድረስ መጽሐፉን አስቀድማለሁ።

የትኛው ይቅደም?

መጽሐፉን ያስቀደመ አንባቢ ፊቶቹን ራሱ ይሥላል፤ ድራማውን ያስቀደመ ግን የተዋናዩን ፊት ይዞ ይገባል፤ ያ ፊት ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ለአብዛኛው ልብ ወለድ፣ በተለይ ኃይሉ በተራኪው የውስጥ ድምፅ ላይ ለሆነው፣ መጽሐፉ ይቅደም የሚል አቋም አለኝ። የሃንድሜይዷ ታሪክ ከእነዚህ አንዱ ነው። የፌራንቴም እንዲሁ ነው፤ ተራኪዋ ስለ ጓደኛዋ የምትለው ሁሉ ትክክል መሆኑን እየተጠራጠርን እንድናነብ የተጻፈ ስለሆነ፣ ጓደኛዋን በዓይናችን ስናያት ጥርጣሬው ይቀንሳል።

የማንቴልን ሦስትዮሽ ግን ከዚህ ደንብ አወጣዋለሁ። ድምፁ የውስጥ ቢሆንም፣ የሰዎቹ ብዛትና የስሞቹ መደራረብ ብዙ አንባቢን ከመጀመሪያው ስለሚያሸሽ፣ የ2015ቱን ምዕራፍ ስድስት ክፍሎች አይቶ ከዚያ የመጀመሪያውን ቅጽ፣ «ዎልፍ ሆል»ን፣ መክፈት ተገቢ ነው። ታሪኩ የታወቀ በመሆኑ የሚበላሽ ምስጢር የለም፤ የራይላንስ ዝምተኛ ፊትም ለመጽሐፉ ሐሳብ ቦታ ይተዋል። ከዚያ ሁለቱን ቅጾች አንብቦ፣ ሦስተኛውንም ቀጥሎ ጨርሶ፣ የ2024ቱን ምዕራፍ በመጨረሻ ማየት ይመረጣል። ሁለተኛውን ምዕራፍ ከሦስተኛው ቅጽ በፊት ማየትን አልመክርም፤ የዎልሲ መመለስ ከባድ የሚሆነው ክሮምዌል ስለዚያ ሰው ለዓመታት ሲያስብ አብሮት ለኖረ አንባቢ ነው።

መጽሐፉ ተጀምሮ ግማሽ ላይ ሳለ ድራማው ቢመለስ፣ መጽሐፉን መጨረስ ይቀድማል፤ ድራማው ከአንድ ወር በኋላም እዚያው ይገኛል፤ የተቋረጠ ረጅም ልብ ወለድ ግን ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይከፈትም። ከቤተሰብ ጋር አብሮ ለማየት የተጀመረ ድራማ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱን ለብቻ ቀድሞ ማየትም ሆነ ወደ ኋላ መቅረት ሌሎቹን ስለሚጎዳ አብሮ መቀጠል ይገባል፤ ንባቡ ለብቻ ጊዜ ይቆያል። አዲሱን ምዕራፍ ሁለት ክፍል ያህል አይቶ «መጨረሻውን ብቻ ልወቅ» የሚል ስሜት ብቻ የቀረው ተመልካች ደግሞ፣ መጽሐፍ ካለው የመጽሐፉን የመጨረሻ ሃምሳ ገጽ ያንብብ፤ መጽሐፍ ከሌለው የታሪኩን ማጠቃለያ አንብቦ ድራማውን ያለ ጸጸት ይተወው።